የአባቷ እጅ እስኪያርፍ

ሰካር የካሜራዋን ቁልፍ ለአሥረኛ ጊዜ ተጫነች። ምሰሶው አጠገብ የቆመው ፍላሽ አልበራም።

«ከአሥሩ ሦስቱን ሳተ እኮ!» አለች ሰካር። «አንቺ ደግሞ አንዴም ስቶ አያውቅም ብለሽኝ ነበር።»

ፍላሹን ከሩቅ የሚያስነሳውን የራዲዮ መቀስቀሻ ያዋሰቻት ጓደኛዋ ዉላን አንገቷን ደፋች። «ባለፈው ወር ባልዲ ውስጥ ወድቆብኝ ነበር። ደርቋል ብዬ ነው።»

«ውሃ ውስጥ?»

«እንዳትቆጪኝ ፈርቼ...»

ለመቆጣት ጊዜ አልነበረም። የዕለቱ ሙሽራ የሰካር ታላቅ እህት ራትሪ ናት። ከሩብ ሰዓት በኋላ አባታቸው እግር ሥር ተንበርክካ ትመረቃለች። አባታቸው አምና ስትሮክ ከመታቸው ወዲህ ቀኝ እጃቸው አልታዘዝ ብሏቸዋል። ሦስት ወር ሙሉ ጠዋት ጠዋት ያንን እጅ አንስተው ትራስ ላይ ማሳረፍ ሲለማመዱ ያየቻቸው ሰካር ብቻ ናት። «ለማንም እንዳትነግሪ» ብለዋታል።

የሚቀመጡበት ቦታ ደግሞ ጀርባውን ለፀሐይ የሰጠ ነው። ያለ ፍላሽ ፊታቸው ጥላ ብቻ ሆኖ ይቀራል።

ሌላ መንገድ አለ። ፍላሹ ብርሃን የሚያይ ዓይን አለው፤ የካሜራዋ ትንሽ ፍላሽ ብልጭ ሲል አይቶ አብሮ ይበራል። ግን ዓይኑ የማን ብርሃን እንደሆነ አይለይም። የሠርጉ ፎቶ አንሺ ፓክ ዳርሶኖ በፍላሽ ባነሱ ቁጥር የእሷም ይተኩሳል፤ ከዚያ እንደገና እስኪሞላ መጠበቅ ነው። ያኔ የአባቷ እጅ ቢነሳስ?

ሰውዬው ጠዋት «እግሬ ሥር እንዳትገቢ» ብለዋታል። ቢሆንም ሄደች።

«ፓክ ዳርሶኖ፣ አባቴ እህቴን እስኪመርቋት ድረስ ፍላሽዎን ያጥፉልኝ።»

«ምን አልሽ? የተቀጠርኩት እኮ እኔ ነኝ፣ ልጄ!»

«መቀስቀሻዬ አያስተማምንም። በፍላሹ ዓይን እንዳልጠቀም የእርስዎ ብርሃን ያስነሳብኛል። አባቴ እጃቸውን ሊያነሱ ነው። ቀኙን።»

ሰውዬው ወደ አባቷ ተመለከቱ። «ታዲያ ፎቶ እኔ አነሳቸዋለኋ።»

«መቼ እንደሆነ አያውቁትም። መጀመሪያ ትከሻቸው ነው የሚንቀሳቀሰው። ከዚያ መሐል ላይ ይቆማል። የጨረሱ ይመስላል፣ ግን አልጨረሱም።»

ፓክ ዳርሶኖ ትንሽ አሰቡና ፍላሻቸውን አጠፉት። «አንድ ጊዜ ነው፣ እወቂው።»

ሰካር ፍላሹን በዓይኑ እንዲሠራ አስተካክላ ቦታዋን ያዘች። ራትሪ ተንበረከከች። የአባቷ ትከሻ ተንቀሳቀሰ። እጁ ከጭናቸው ተነስቶ ደረታቸው ጋ ሲደርስ ቆመ። እንግዶቹ አጉረመረሙ። እናቷ ልትደግፋቸው እጇን ዘረጋች፤ አባቷ እምቢ ሲሉ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሰካርን ጣቷ «ተጫኝ፣ ተጫኝ» እያለ ወተወታት። ባይነሳስ? አሁኑኑ ፎቶ ብታነሳው ቢያንስ ይህቺ ምስል ትቀርላታለች።

አልተጫነችም።

እጁ እንደገና ተንቀጠቀጠ፣ ከፍ አለ፣ የራትሪ ፀጉር ላይ በተሰካው አበባ ላይ አረፈ።

ተጫነች። አባቷ የተቀመጡበት ጥግ በብርሃን ተሞላ።

«ያዝሽው?» አሉ ፓክ ዳርሶኖ። በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች። እሳቸውም ፍላሻቸውን አብርተው ማንሳት ጀመሩ፤ የእሷም እያከታተለ አብሮ ይተኩሳል። ይተኩስ።

ያነሳችውን ምስል በካሜራው መስኮት ላይ አየችው። አባቷ ልጃቸውን ሳይሆን እጃቸውን ነው የሚያዩት፤ አፋቸው ከፈት ብሏል።

ዉላን ምሰሶው ኋላ ቆማ ቀሚሷን ታፍተለትላለች፤ ለመቅረብ አልደፈረችም። ሰካር አየቻት። ንዴቷ አልበረደም። ከዚያ ካሜራውን ወደ እሷ አዞረችው።

«ነይ፣ እዪው» አለቻት።