አፍ፣ አፋን፣ አፍ

«እስክሪብቶ ብቻ! እርሳስ የያዘ ወዮለት!»

ጓድ ዘገየ ይህን እያለ ለዘጠነኛ «ለ» ተማሪዎች ነጭ ወረቀት ያድላል። የቀበሌው ካድሬ ነው። ዛሬ ግን የአማርኛ አስተማሪውን በር ላይ አቁሞ የቃል ጽሕፈት ሊያስጽፍ መጥቷል። በብብቱ ሥር አንዲት ደብተር ሸጉጧል። ፈትለወርቅ ደብተሯን ከሩቅ አወቀቻት። እንዴት አታውቃት? የራሷ እጅ ነው የጻፋት።

ከጎኗ ያለው ቦታ ባዶ ነው። ሲንቄ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ቀበሌ ታስራለች።

ነገሩ የተጀመረው በቀልድ ነበር። ዓምና አንድ ቀን ሲንቄ ቆሎ እየቆረጠመች፣ «እናንተ አማሮች በምናችሁ ነው የምትበሉት?» አለቻት።

«በአፋችን ነዋ!»

«እኛም በአፋን። ማን ከማን ሰረቀ?»

ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ቃል አዳኝ ሆኑ። ገበያ ሲሉ በኦሮምኛ «ገባ»፣ ጤፍ ሲሉ «ጣፊ» አገኙ። ዳቦማ ያው ዳቦ ነው። ሲንቄ ትናገራለች፣ ፈትለወርቅ ደብተር ላይ በሁለት ዓምድ ትጽፋለች። ሦስተኛውን ዓምድ የሰጧቸው ከጅጅጋ ግንባር በአንድ እግር የተመለሱት ጫማ ሰፊው ኦቦ ኩምሳ ናቸው።

«ሶማሌም አፍን አፍ ነው የሚለው፣ ኢጆሌ» አሏቸው፣ የሁሉቃ ድልድይ አጠገብ ሶል እየወጉ። «አምስትን ደግሞ እንደኛው ሻን ይላል። ከወዲያ ምሽግ ሲቆጥሩ እሰማቸው ነበር። ይገባኝ ነበር። ይሄንን ለሻምበሉ አልነገርኩትም።»

ኦቦ ኩምሳ በሐምሌ አረፉ። አሁን ማንም ሊያስራቸው አይችልም።

ደብተሯ ዴስክ ውስጥ ስትገኝ ጓድ ዘገየ ሰልፍ ላይ ከፍ አድርጎ አሳያት። «ሦስት ዓምድ! የጠላት ቋንቋ! ሻን፣ ሻን ይላል። አምስት! አምስት ምን? አምስት ሰው? አምስት ጠመንጃ?» ማንም አልሳቀም። በዚያ ዓመት ሳቅም ፈቃድ ይፈልግ ነበር። የሲንቄ ወንድም መርጋ ከክረምት ጀምሮ ወደ ቤቱ አልተመለሰም፤ ጭልሞ ጫካ ገብቷል ይባላል። ስለዚህ የደብተሯ ባለቤት ወዲያው ተገኘች። ያልተገኘው ጸሐፊው ነው፤ የሲንቄ እጅ ጽሑፍ ከደብተሯ ጋር አልገጠመም።

ዛሬ ጠዋት የፈትለወርቅ አባት አቶ ተድላ ሻያቸውን ሳይቀምሱ አቀዘቀዙት። የአውራጃው ጽሕፈት ቤት ጸሐፊ ናቸው።

«ያቺ ልጅ የማንንም ስም አልጠራችም» አሉ። «ነገ ወደ አዲስ አበባ ትላካለች። የመላኪያውን ደብዳቤ እኔ ነኝ የጻፍኩት።»

ማኅተሙን ፈትለወርቅ ታውቀዋለች፤ በከተማዋ የመንግሥት ስም «ሀገረ ሕይወት» ይላል። በዚያ ማኅተም የተላከ ሰው አድራሻ አይኖረውም።

«ፈትልዬ፣ ዛሬ መጥፎ ጽፈሽ ነይ።»

«ምን አልክ አባዬ?»

«መጥፎ። ዶሮ እንደጫረችው።»

ሰባት ዓመት ሙሉ «ይሄ ዶሮ የጫረችው ነው!» እያሉ በማስመሪያ ጣቷን ሲመቱ የኖሩት እኚሁ አባት ናቸው። የፊደሏን ቅርጽ የሰጧት እሳቸው ናቸው፤ የ«አ» አንድ እግር ወደ ውስጥ ታጠፍ ይላል፤ ልክ እንደ እሳቸው።

«ጻፉ!» አለ ጓድ ዘገየ። «አብዮታዊት እናት ሀገር ወይም ሞት!»

ክፍሉ በሙሉ አጎነበሰ። ከኋላዋ ሌታ እስክሪብቶውን በግራ እጁ ጨብጦ ያቃስታል።

«አንተ፣ ከመቼ ወዲህ ነው ግራኝ የሆንከው?» አለችው በሹክሹክታ።

«ዝም በይ! ዛሬ ግራኝ ያልሆነ ማን አለ?»

እውነቱን ነው። ግማሹ ተማሪ በግራው ይጽፋል፤ የቀረው ፊደሉን እንደ ሰካራም ያንገዳግዳል። ምንም ያላጠፉት ሁሉ እጃቸውን ደብቀዋል። ፈትለወርቅም እስክሪብቶዋን ወደ ግራ እጇ አዛወረች። «አ»ን ጀመረች። መስመሩ ተንቀጠቀጠ፤ እውነትም ዶሮ የጫረችው መሰለ። አባቷ ቢያዩት ደስ ይላቸው ነበር።

ዓይኗ ባዶው ቦታ ላይ አረፈ። የዴስኩ ጠርዝ ላይ የቆሎ ገለባ ቀርቷል። ሲንቄ ሁለት ሌሊት ሙሉ «ማን ጻፈው?» ተብላ ተጠይቃለች። አንድ ስም መጥራት ብቻ ነበር የሚበቃት።

የጓድ ዘገየ ቡትስ ከኋላ ረድፍ ተነሣ። ቋ፣ ቋ። በየወንበሩ ቆም እያለ ወረቀቱን ከደብተሯ ጋር ያስተያያል።

ፈትለወርቅ እስክሪብቶዋን ወደ ቀኝ እጇ መለሰች። የተንቀጠቀጠውን «አ» ሰረዘችና ከሥሩ አዲስ ጻፈች፤ አንድ እግሩ ወደ ውስጥ ታጠፈ። መፈክሩን እስከ መጨረሻው አወረደችው፤ በሕይወቷ እንዲህ አሳምራ ጽፋ አታውቅም።

ቡትሱ ሌታ ጋ ደርሶ ቆመ።

እሷ ማስመሪያዋን አወጣች። ከመፈክሩ ሥር ሁለት ቀጥ ያሉ መስመሮች አሰመረች፤ ወረቀቱ ሦስት ዓምድ ሆነ። በመጀመሪያው ዓምድ አናት ላይ «አፍ» ብላ ጻፈች።