የሦስተኛው ገንዳ መዝገብ

«አንድ መስመር ብቻ እኮ ናት» አለ አይቪን፣ ወንበሩን ወደ ቱርዲስ እያስጠጋ። «ታጠፊያታለሽ፣ አለቀ።»

ቱርዲስ ዓይኗን ከኮምፒውተሩ አላነሳችም። ትእዛዝ በሚጻፍበት ጥቁር ስክሪን ላይ ጠቋሚዋ ብልጭ ድርግም ትላለች።

ማክሰኞ ዕለት፣ በዓሣ እርባታ ትምህርት ቤቱ ሦስተኛ ገንዳ ኦክስጅን ወርዶ ስልሳ ግልገል ሳልመን ዓሦች ሞተዋል። የቁጥጥር ሥርዓቱ ደውሎ ነበር፤ ግን አንድ ሰው ደወሉን ዝም አሰኝቶታል። ማን እንደሆነ የተጻፈው መረጃ ቋቱ ውስጥ ብቻ ነው። የሳምንቱ ተረኛ ሃልቮር ስለነበር ሁሉም ጣቱን የቀሰረው እሱ ላይ ነው። «እኔ አይደለሁም» ቢልም የሰማው የለም።

መምህራቸው ሼል ጠዋት ቱርዲስን ጠርተው፣ ደወሉን ማን እንዳጠፋ እንድታይ የማንበቢያውን የይለፍ ቃል ሰጧት።

«በዚህ ስትገቢ ማየት እንጂ መንካት አትችዪም» አሏት። «ጥያቄሽንም አጥብቢው፤ የአንድ ገንዳ፣ የአንድ ሰዓት። ሁሉንም ልጎትት ካልሽ ማሽኑ ይጨናነቅና ዓሦቹን የሚጠብቅ ይጠፋል።»

አሁን አይቪን ቁራጭ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አኖረ። «ይሄኛው የይለፍ ቃል ሁሉን ይፈቅዳል። ሼል ሲጽፉ አየሁ።»

«አንተ ነህ እንዴ ደወሉን ያጠፋኸው?»

አይቪን ጫማውን አየ። «ጃኬቴን ረስቼ ስመለስ ይጮሃል። ሁልጊዜ በከንቱ ይጮህ የለ? ተጫንኩትና ወጣሁ።»

«ሃልቮርስ?»

«አታካብጂ አቦ። ማስረጃ ከሌለ በሳምንቱ ይረሳል። እኔን ግን ሐምሌ ላይ አንድ ዓሣ እርባታ ድርጅት ሊቀጥረኝ ነው። ይህን ከሰሙ ማን ያስገባኛል?»

ቱርዲስ መስመሯን ማጥፋት እንደማያቅታት ታውቃለች። ከትእዛዙ አንዲት ቃል ከዘለለች የወራት መዝገብ አብሮ እንደሚጠፋም ታውቃለች። ያም ሆኖ ከሐሳቧ ያልወጣው ሃልቮር ነበር፤ ማክሰኞ በዝናብ የሞቱትን ዓሦች ብቻውን በመረብ ሲያወጣ። ክፍሉ በሙሉ ቆሞ አይቶታል፤ እሷም ጭምር።

ወረቀቷን አጣጥፋ ወደ አይቪን ገፋቻት። በማንበቢያው ስም ገባች። ሦስተኛ ገንዳ፣ ማክሰኞ፣ ከስምንት እስከ ዘጠኝ ሰዓት። ተጫነች።

አራት መስመሮች ወጡ። ሦስተኛው ላይ፣ ስምንት ሰዓት ከሩብ፣ «ደወል ቆሟል» ከሚለው ጎን የአይቪን ስም ነበር። እሱም አነበበው።

«ትልኪላቸዋለሽ?» አለ ቀስ ብሎ።

ቱርዲስ ያገኘችውን አስቀመጠችና ከመረጃ ቋቱ ወጣች። «ከምሳ በኋላ እልከዋለሁ። ሼል አሁን ቢሮ ናቸው፤ ቀድመህ ራስህ ንገራቸው።»

አይቪን ከወንበሩ ተነሳ። «አብረሽኝ ትመጫለሽ?»

«እስከ በሩ። ወረቀቷንም ስጣቸው፤ የይለፍ ቃሉን ይቀይሩት።»

በኮሪደሩ ጎን ለጎን ሄዱ። በሩ ላይ ሲደርሱ አይቪን እጁን አነሳ፣ መለሰ፣ ከዚያ አንኳኳ። «ግቡ» የሚል ድምፅ ተሰማ። ገባ።

ቱርዲስ እስከ በሩ ነበር ያለችው። ሁለት እርምጃ ተመለሰችና ቆመች። ከዚያ ቦርሳዋን ወለሉ ላይ አስቀምጣ፣ ግድግዳውን ተደግፋ ጠበቀችው።