የማንም ያልሆነው ቅጂ

ማመን አለማመን የእናንተ ፋንታ ነው። እኔ ግን የማወራው የሆነውን ነው... የሆነውም በጨለማ አይደለም። በጠራራ ፀሐይ፣ ቀን ስድስት ሰዓት ላይ፣ እህቴ ቤት ሳሎን ውስጥ ነው።

መስኮቱ ክፍት ነበር። ታች መንገዱ ላይ መኪና ይጮሃል፣ ሰው ይሳሳቃል።

ጨለማ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ቢያንስ አላየሁም እል ነበር።

እህቴ የልጆች ተረት በድምጿ ቀርጻ ትሸጣለች። እንጀራዋ እሱ ነው። የቁም ሳጥኗን ልብስ አውጥታ፣ ውስጡን በብርድ ልብስ ሸፍና፣ እዚያ ቁጭ ብላ ታነባለች። ዌብሳይቱን የሠራሁላት እኔ ነኝ። ወላጆች ይከፍላሉ፣ ሊንክ ይደርሳቸዋል፣ ያወርዳሉ።

መጀመሪያ ላይ ፋይሎቹ የተቀመጡት ሊንኩን ያገኘ ሁሉ በሚያወርድበት ቦታ ነበር። አንዱ ይከፍላል፣ መንደሩ በሙሉ ይሰማል። አንድ ቀን ተረቶቿን አንድ ቻናል ላይ በነጻ ተደርድረው አገኘኋቸው። ደሜ ፈላ። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባል የለ?

አጥሩን አጠበቅኩት። ፋይሎቹን ከውጭ ወደማይደረስበት ቦታ አዛወርኩ። ሊንኩ ለከፈለው ሰው ብቻ እንዲሠራና ቶሎ እንዲዘጋ አደረግኩ። ብዙ ለፋሁበት።

እህቴ ግን ከእኔ የበለጠ ቁልፍ አመጣች። በእያንዳንዱ ቅጂ መጀመሪያ ላይ የልጁን ስም በራሷ አፍ መጥራት ጀመረች። "ይህ ተረት የእገሊት ነው" ትላለች። ልጆቹ ስማቸውን ሲሰሙ በደስታ ያብዳሉ። የልጁን ስም የያዘ ቅጂ ደግሞ የትኛው ወላጅ ለሰው ይበትናል? ስርቆቱ ቆመ። ከዚያ ወዲህ "ዘበኛው" እያለች ታሾፍብኝ ነበር።

ከዚያ ጉሮሮዋን ታመመች...

ሐኪሙ እብጠት ነው አለ። ሰኞ ቀዶ ጥገና፤ እስከዚያ አንድ ቃል እንዳትናገሪ አላት። ድምጿ ይመለስ እንደሆነ ስንጠይቀው ቃል አልገባም ብሎ ወረቀቱን ማገላበጥ ጀመረ።

እልኸኛ ናት። እንደተመለስን ቁም ሳጥኑ ውስጥ ገብታ አንድ የመጨረሻ ተረት ቀረጸች። የሁሉንም ልጆች ስም ለመጥራት ግን ጉሮሮዋ አልቻለም። ስሙን ዝለይው፣ ባዶ ተይልኝ፣ በኋላ ከድሮዎቹ ቅጂዎች ቆርጬ እሞላዋለሁ አልኳት።

"ይህ ተረት የ..." ብላ ዝም አለች። አንድ ትንፋሽ ያህል።

ከዚያ "ነው" አለች።

ፋይሉን ቆለፍኩት። ለሽያጭ አልወጣም። ሊንክ አልነበረውም። ከእኔና ከእሷ በቀር መኖሩን የሚያውቅ አልነበረም።

አርብ ቀን ስድስት ሰዓት ላይ ስልኬ ጢን አለ። ፋይሉ ወረደ ይላል።

ገዢ የለም። ሊንክ የለም። ግን ወርዷል።

የይለፍ ቃሉን ቀየርኩ። እጄን ከኪቦርዱ ሳላነሳ... እንደገና ወረደ።

ከየት እንደሆነ አየሁ። ከዚሁ ቤት ኢንተርኔት ነው።

ዞር አልኩ። እህቴ ሶፋው ላይ ልብስ ታጥፋለች። ስልኳ ጠረጴዛው ላይ ተደፍቷል። ነካክተሽ ነው ወይ አልኳት። አይደለም ብላ ራሷን ወዘወዘች።

ተነስቼ የኢንተርኔቱን ገመድ ነቀልኩት። የራውተሩ መብራት ጠፋ። በስልኬ ዳታ ገብቼ ሳየው...

ወርዷል። አሁንም ከዚሁ ቤት።

ፈራሁ። ላለመፍራት ሳሎኑ ውስጥ መንጎራደድ ጀመርኩ፤ እሱም አልጠቀመኝም።

ይሄኔ አንዲት የቆየች ደንበኛችን ደወለች፤ የአንዲት ትንሽ ልጅ እናት ናት። ስለ አዲሱ ተረት ልታመሰግን ነው። ልጇ ከደረሳት ጀምሮ እየደጋገመች እየሰማችው ነው አለች። እኛ አልላክንም ልላት አፌን ስከፍት ቀደመችኝ።

"ግን የተጠራው ስም የልጄ አይደለም።"

"የማን ነው?"

"እኔ ስሰማው ዝም ነው የሚለው። እሷ ግን... ስሙን ነገረኝ ትላለች። ለማንም እንዳልናገር ከልክሎኛል ትላለች።"

ሄድፎን አድርጌ ዋናውን ፋይል ከፈትኩ።

"ይህ ተረት የ..."

ዝምታው አንድ ትንፋሽ አልነበረም። ረዘመ... ረዘመ... ውስጡ የሚተነፍስ ነገር ነበር። ቀስ ብሎ፣ ጆሮዬ ሥር።

"ነው።"

ተረቱም ልክ አይጥ እንዳገኘው ዳቦ ከዳር ከዳሩ ጎድሏል።

የድሮዎቹን ከፈትኩ። የልጆቹ ስም የለም። በስሞቹ ቦታ ያው ትንፋሽ ነው። የእህቴ ድምፅ ከሁሉም ላይ እየሳሳ ነበር። ሰኞ ድምጿ ካልተመለሰ የሚቀራት እነዚህ ብቻ ነበሩ... እነሱም ዓይኔ እያየ እያለቁ ነው።

እህቴ ከኋላዬ መጥታ ሄድፎኑን ከጆሮዬ ላይ ወሰደች። ሰማች። ፊቷ አመድ መሰለ።

"ባለቤት ስለሌለው ነው" አለች በሹክሹክታ።

"እታለም፣ አትናገሪ።"

"የራሴን ስም እሞላዋለሁ።"

"ሐኪሙ..."

"ድምፄ ሰኞ ለማንኛውም ሊሄድ ይችላል። ቅረጸኝ።"

እሷ አንዴ ካለች አለች ናት። ቁም ሳጥኑ ውስጥ ገባች። እንዳያት በሩን ገርበብ አድርጋ ተወችው። ሄድፎኑን መልሼ አንዱን ጆሮዬን ብቻ ሸፈንኩ። ማይኩን ከፈትኩ።

ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። የአንገቷ ሥር ተገታተረ። በበሩ ክፍተት ሻካራ ድምጿ ይሰማኛል፤ ስሟን ትጠራለች።

በሄድፎኑ ግን ምንም። ስክሪኑ ላይ የድምፁ መስመር ቀጥ ብሎ ተኝቷል።

ደገመችው። ምንም።

እንደገና ስትሞክር በበሩ በኩልም መስማት አቆምኩ። አፏ ይከፈታል... ድምፅ የለም።

ያኔ መስመሩ መነሳት ጀመረ።

እህቴ አፏን በሁለት እጇ ይዛለች። ዓይኗ እኔ ላይ ፈጧል። በሄድፎኑ ውስጥ ግን የእሷ ድምፅ፣ ሳትታመም የነበረው ጥርት ያለው ድምጿ፣ ተረቱን ከመጀመሪያው ጀመረ።

የማይኩን ገመድ በጣጠስኩት። ፋይሉን አጠፋሁ። ዌብሳይቱን ዘጋሁ። ከዚያ ቁም ሳጥኑ ውስጥ ገብቼ እህቴን አቅፌ አለቀስኩ።

ሰኞ ቀዶ ጥገናው በሰላም አለቀ። ሐኪሙ ጉሮሮዋ ጤነኛ ነው፣ ለምን እንደማትናገር አልገባኝም ይላል። እሷ እስከ ዛሬ ትንፍሽ አላለችም።

ትናንት ያቺ እናት ቪዲዮ ላከችልኝ። ምንም አልጻፈችበትም። እኔና እህቴ ሶፋው ላይ ተቀምጠን አብረን ከፈትነው።

ቀን ነው። መጋረጃው ተገልጧል። ልጅቷ አልጋዋ ላይ በጀርባዋ ተኝታለች። ዓይኗ ተጨፍኗል። አጠገቧ ስልክ የለም፣ ሬዲዮ የለም።

አፏ ግን ተከፍቷል። የእህቴ ድምፅ ከውስጡ ተረት ያወራል። የልጅቷ ከንፈር አይንቀሳቀስም...

ወደ እህቴ ዞርኩ።

የእሷ ከንፈር ይንቀሳቀስ ነበር። ቃል በቃል፣ ከልጅቷ አፍ ከሚወጣው ጋር እኩል።