ምርጊቱን ማን ይክፈል

ይህን የማወራው በደሌ ተመዝግቦ እንዲቀርልኝ ነው፤ እኔ ያላፈረስኩትን ግድግዳ ሦስት ጊዜ በገዛ ገንዘቤ አስመርጌያለሁ፣ አፍራሹ ግን አንድ እፍኝ ጭድ እንኳ አልተካልኝም። ደግሞ እኔ ጋኔን ነው፣ ዛር ነው ሲባል የምስቅ ሴት ነበርኩ፣ እመኑኝ፣ ጎረቤቶቼ ኮሽ ባለ ቁጥር ሲያማትቡ እኔ አይጥ ነው ብዬ ጫማዬን የምወረውር ነኝ።

በጣሊያን ጊዜ ነው። ባሌ እንደዘመተ ቀርቶ፣ እኔ ልደታ ካለው፣ እናቴ ስትሞት ካወረሰችኝ ቤት አንዱን ክፍል እያከራየሁ ልጆቼን አሳድጋለሁ፣ ስለዚህ ያ ክፍል ፈረሰ ማለት ጦማችንን አደርን ማለት ነው። ተከራዬ ሰይድ የሚባል የወሎ ሰው፣ ኮርቻ ሰፊ ነበር። አንድ ቀን በመንገዱ በኩል ያለው ግድግዳ፣ ቁጭ ያለ ሰው ፊት በሚደርስበት ቦታ ላይ፣ የጭንቅላት ያህል ተቦድሶ ጭቃው ወደ ውስጥ ረገፈ። ጭድ ገዝቼ፣ መራጊ ጠርቼ አስመረግሁ። ሳይደርቅ እዚያው ቦታ ረገፈ። ደግሞ አስመረግሁ፣ ደግሞ ረገፈ!

«ቆዳ ልትወጥርበት ችካል እየመታህ ነው!» አልኩት።

«እትዬ አስካለ፣ ችካል ብመታ ሰፈሩ ሁሉ አይሰማም? ይልቅ ቤትዎ አርጅቷል። በዚህ ቀዳዳ ብርድ እየገባ ልጄን ሲያስላት ከረመ፣ እሱን ማን ይካሰኝ?»

ሰማችሁት? አፍርሶ ካሣ!

ጣሊያኖቹ ቢሮ ሄጄ ብከስ አስተርጓሚው እየሳቀ «ሴትዮ፣ መንግሥት ለጭቃ ጊዜ የለውም» አለኝ። ግብር ሲሰበስቡ ግን ጭቃው ቤት ሆኖ ይታያቸው ነበር።

ክረምቱ ስለደረሰ እንደፈረሰ ልተወው አልቻልኩም፣ ለሦስተኛ ጊዜ አስመረግሁት፣ በዚያው ዕለት ከሰዓት በኋላ የነጠላዬን ጫፍ ከሰይድ ጋቢ ጫፍ ጋር ቋጥሬ መንገድ ዳር ይዤው ወጣሁ። የአባቶቻችን ወግ ነው፤ ሁለት ተሟጋቾች እንዲህ ተቋጥረው «በሕግ አምላክ!» ካሉት መንገደኛ ሁሉ ዳኛ ነው፣ ጥሎ ማለፍ የለም። ሰንጋ ተራ በሬ ሸጠው የሚመለሱ አንድ ሽማግሌ አገኘን።

«ሚስቴ ልጅቷን ይዛ ዘመድ ጥየቃ መሄዷ በጀኝ» አለ ሰይድ፣ «እንዲህ ተቋጥረን ብታየን ትፈታኝ ነበር።»

«ከፍለህ ትፈታለህ!» አልኩት።

ሽማግሌው የሁለታችንንም ሰምተው፣ ግድግዳውን በውስጥም በውጭም ዳብሰው ፈረዱ። «እንደተቋጠራችሁ ውስጥ ተቀመጡ፣ እኔ ከውጭ ቆሜ እጠብቃለሁ። ጀንበር እስክትጠልቅ ከቆመ አፍራሹ እሱ ነው፣ ይክፈል። እሱ ታስሮ ሳለ ከፈረሰ ግን፣ ልጄ፣ ቤትሽ ነውና ወጪውን አንቺ ትችያለሽ።»

እሺ አልኩ፣ እንደምረታው እርግጠኛ ነበርኩና።

ተቀመጥን። ብርሃኑ ደከም ሲል አንድ ድምፅ ሰማሁ፣ ጥፍር ደረቅ ቆዳ ላይ ሲሄድ ዓይነት። የሰይድን እጆች አየሁ፣ ሁለቱም ጉልበቱ ላይ ናቸው። ከዚያ ከምርጊቱ ውስጥ ጭድ አንድ አንድ እያለ መውደቅ ጀመረ፣ አንድ ሰው እየመዘዘ እንደሚጥለው ሁሉ፣ ከዚያ እርጥቡ ጭቃ እንደ ቦካ ሊጥ ነፋ አለና እግሬ ሥር ዘጭ!

«አባቴ! ውጭ ማነው?» ብዬ ጮህኩ።

«ማንም የለም፣ ልጄ! ግድግዳውም ደህና ነው፣ ስንጥቅ እንኳ የለበትም!»

እንግዲህ የጭቃ ግድግዳ ውፍረቱ ምን ያህል እንደሆነ ታውቃላችሁ፣ ቢበዛ ስንዝር ነው። እኔ በንዴት እጄን ቀዳዳው ውስጥ ሰደድኩት፣ እስከ ክርኔ ገባ፣ እስከ ትከሻዬ ገባ፣ ሽማግሌው ከወዲያ «ኧረ ምንም አላይም!» ይላሉ። ውስጡ ደግሞ ይሞቅ ነበር፣ ሰው አሁን የተነሣበት መደብ እንደሚሞቀው።

ሰይድ ቋጠሮው አልፈታ ቢለው ጋቢውን ጥሎልኝ ሮጠ፣ በማግስቱም ኮርቻዎቹን ጭኖ ጌጃ ሰፈር ገባ። ሽማግሌው በበሩ ብቅ ብለው ክንዴ የገባበትን አዩና «ልጄ፣ እኔ የምዳኘው የሰው ነገር ነው» ብለው ዳኝነታቸውን ትተው ሄዱ። ሁለት ወንዶች! ያን ክፍል ከዚያ ወዲህ ለማንም አላከራየሁትም፣ ጥጥ እየፈተልኩ ነው ልጆቼን ያሳደግሁት፣ ለምን ቢባል በዚያ ምሽት ብቻዬን ስቀር በሰማሁት ምክንያት ነው።

ፈርቼ አልነበረም፣ እመኑኝ፣ ንዴቱ ለፍርሃት ቦታ አልሰጠኝም። ክንዴን አውጥቼ ቀዳዳው ፊት ቆምኩና «ማንም ሁን ማን፣ ቤቱ የእኔ ነው! ወይ ምርጊቱን ክፈል፣ ወይ ልቀቅ!» አልኩ።

ከዚያ ከውስጥ፣ ከሩቅ፣ ልክ እንደ እኔ የተበደለ፣ የተቆጣ ሰው ድምፅ መለሰልኝ፦

«ኪራዬን ለእናትሽ ከፍያለሁ።»