የሌሊሴ ጥቁር ስክሪን

በመንፈስና በጥላ አላምንም፣ አምኜም አላውቅም፤ ነቀምቴ ውስጥ ኮምፒውተር ስጠግን የኖርኩ ሰው ነኝ፣ ራሱ በራ ራሱ ጠፋ የተባለ ዕቃ ሁሉ እኔ ጋ ሲመጣ ወይ ገመዱ ላልቶ ወይ አቧራ ጠጥቶ ነው የሚገኘው፣ ስለዚህ የምነግራችሁን ሰምታችሁ ብትስቁ አልቀየማችሁም፣ ከሌላ ሰው አፍ ብሰማው እኔም እስቅ ነበር።

አዴ ወርቂቱ የሚባሉ እናት ከአርጆ የመጡት አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ነው፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ፣ በላስቲክ የተጠቀለለ ላፕቶፕ ታቅፈው። «አከም ኦልቴ፣ ኢልማ ኮ» አሉኝ፣ እንደምን ዋልክ ልጄ ማለታቸው ነው፣ የወሎ ሰፋሪ ልጅ መሆኔን ሲያውቁ ደግሞ ወደ አማርኛ ዞሩ። ተቀመጡ ብላቸው አልተቀመጡም። ላፕቶፑ የሟች ልጃቸው የሌሊሴ ነው፣ ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር የተማረች፣ ቸርች ደግሞ ኳየር ውስጥ የምትዘምር ልጅ ነበረች።

«መዝሙሯ እዚህ ውስጥ አለ ብላኛለች ጓደኛዋ» አሉ። «ሙት ዓመቷ ደርሷል፣ ሰው ሁሉ ድምጿ እንዴት ያምር ነበር እያለ ያደርቀኛል። አውጣልኝና ይስሙ፣ ይውጣላቸው።»

እመኑኝ፣ ስለ ሞተ ልጅ እንዲህ በደረቁ ሲወራ ሰምቼ አላውቅም።

ላፕቶፑ ራሱ ደህና ነው። መዝሙሩ ያለው ግን ልጅቷ በጫነችው ቨርቹዋል ማሽን ውስጥ ነው፣ ማለትም በኮምፒውተሩ ሆድ ውስጥ እንደ ሌላ ኮምፒውተር ሆኖ የሚሠራ ሊኑክስ ነው፣ እሱን ሳስነሳው አርማው ብልጭ ይልና ስክሪኑ ጥቁር ይሆናል። ይህ ለእኔ አዲስ አይደለም፣ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የግራፊክስ ነው። ሴቲንጉ ውስጥ ገብቼ ስሪዲ የሚሉትን የምስል ማፍጠኛ አጠፋሁ፣ የቪዲዮ ሜሞሪውን ከፍ አደረግሁ፣ ደግሜ አስነሳሁት፤ ጥቁር።

ጥቁር ይሁን እንጂ ዝም አላለም። ከስፒከሩ ቀስ ያለ ነገር ይሰማል፣ እንጨት በጣት ጫፍ ሲመታ እንደሚሰማው፣ ኳ፣ ኳ፣ ኳ። ዝናቡ ነው ብዬ ጆሮዬን አስጠጋሁ፣ ዝናቡ አይደለም። ድምፁን ዘጋሁት፣ ቀጠለ። አዴ ወርቂቱም ሰምተዋል መሰለኝ ከጠረጴዛው ራቅ አሉ።

አሁንም እንደገና አስነሳሁትና፣ የማስነሻው ገጽ ሲመጣ ትእዛዙን ከፍቼ የሊኑክሱ መስመር መጨረሻ ላይ «ኖሞድሴት» የምትለዋን ቃል ጨመርኩ፣ ማሽኑ ግራፊክሱን ትቶ በቀላሉ እንዲነሳ የምታደርግ ቃል ናት። ተነሳ! ኳኳታውም ቆመ። «ይኸው ተከፈተ» አልኩ ደስ ብሎኝ።

ያኔ ባዶ የጽሑፍ ገጽ ራሱን ከፈተ። እጄ ጭኔ ላይ ነው፣ ከተማው ውስጥ ኢንተርኔት የለም፣ መብራትም ጠፍቶ በባትሪ ነው የምንሠራው፣ ከውጭ ማን ይነካዋል? ፊደሎቹ አንድ በአንድ መጡ፣ በኦሮምኛ።

«ምን ይላል?» አሉ አዴ ወርቂቱ፣ ማንበብ አይችሉም።

«ሀርሜ ይላል። እማዬ።»

«ሌላስ?»

ሌላው እስኪመጣ ጠበቅሁና አነበብኩላቸው፣ «ማሊፍ በልበለ ነቲ ጩፍቴ?» ለምን በሩን ዘጋሽብኝ ማለት ነው።

ያለቅሳሉ ብዬ ነበር። «ውሸቷን ነው» አሉ። «አልዘጋሁባትም፣ ተዘግቶ ነው የደረሰችው። ሳታማክረኝ አግብታ ሄደች፣ ታማ በዝናብ ተመለሰች፣ አንኳኳች። ነዪ ብዬ አልጠራኋትም። ጠዋት ጎረቤት ከደጅ አነሳት፣ ሐኪም ቤት ሳትደርስ አለቀች።» ስለ ጠፋች ዶሮ የሚያወሩ ይመስሉ ነበር።

ስክሪኑ አሁን «በኒ፣ በኒ፣ በኒ» ይላል፣ ክፈቺ፣ ክፈቺ፣ ክፈቺ፣ መስመሩ እየሞላ፣ ገጹ እየወረደ።

«ማጥፊያው የቱ ነው?» አሉኝ።

አሳየኋቸው፣ ምን ላድርግ። አውራ ጣታቸውን ቁልፉ ላይ አሳረፉ፣ የሰው አፍ የሚያፍኑ ይመስል ጥርሳቸውን ነክሰው ተጫኑት፣ ፊደሎቹ ገና እየመጡ ነበር፣ ድርግም እስኪል ድረስ አለቀቁትም። ከዚያ ጣታቸውን በነጠላቸው ጠረጉና «መዝሙሩ ይቅር» ብለው ዣንጥላቸውን ዘርግተው ወጡ፣ ላፕቶፑን እኔ ላይ ጥለው።

በማግስቱ ያንኑ ሁሉ ደገምኩት፣ ከዚያ በኋላም የማውቀውን ሁሉ ሞከርኩ፣ ማሽኑ ከጥቁር ንቅንቅ አላለም፣ ድምፅም የለው። ማሽኑን ጠቅላላ ልሰርዘው አስቤ ደግሞ እጄ እምቢ አለኝ።

አዴ ወርቂቱ መደወል ጀመሩ። ሰላምታ የለም። «ጻፈች?» ይሉኛል፣ «አይነሳም፣ አዴ» እላቸዋለሁ፣ ይዘጉታል። ባለፈው ሳምንት ሲደውሉ ግን ድምፃቸው ሌላ ነው፣ ጎረቤት እንዳይሰማቸው የፈሩ ይመስል በሹክሹክታ ነው የሚያወሩት።

«አንተ ጋ የለችማ?»

«የለችም።»

 እንዲህ ስስ የሆነ ድምፅ ከእሳቸው ይወጣል ብዬ አስቤ አላውቅም።

«በሬን የምታንኳኳው እሷ ናት እንግዲህ» አሉ። «ኢልማ ኮ፣ ልክፈትላት?»

ይህን እንዳሉ ኔትወርኩ ሄደ። መልሼ ደወልኩ፣ ይጠራል፣ አያነሱም። ዛሬም ሞክሬ ነበር፣ ይጠራል።