የዳማው ግራ ጎን

የፈረስ አሠልጣኙ ሞቶ የተገኘው ግራ እግሩ ከእርካቡ ሳይወጣ ነው። ዳማው ፈረስ ሜዳውን ሦስት ጊዜ እየዞረ ጎትቶታል፤ አሸዋው ላይ ሦስት ጥቁር ቀለበቶች ቀርተዋል። ፊት የሚባል ነገር አልተረፈውም። ጥርሶቹ አጥሩ ሥር ተበትነዋል። ፈረሱ አፉ አረፋ ደፍቆ ከሬሳው አጠገብ ይንቀጠቀጣል፤ ሽማግሌው ባልደራስ ልጓሙን ይዘው አንገቱን ይዳብሳሉ።

መርማሪዋ ስትደርስ ፀሐይ ገና ከጋጣው ጣሪያ አልዘለቀችም። የልብስ ሰፊ ልጅ ናት። ባልደረቦቿ «መርፌ» ይሏታል፤ ስለቀጠነች ሳይሆን፣ የገባችበትን ሳትበሳ ስለማትወጣ።

የእንስሳት ሐኪሙ ቀድሟታል። ሽጉጡን ቀበቶው ውስጥ ሸጉጧል።

«ሰው የገደለ ፈረስ ውሎ አያድርም» አላት። «በሽተኛ ልጆች የሚቀመጡበት ነው። ፈርሚልኝና ልጨርስ።»

«ሬሳው ሳይነሣ ፈራጅ ሆንክ እንዴ ዶክተር? ጥይት አይሻግትም፤ ቆይ።»

ከበሩ በኩል አንዲት ሴት የሰባት ዓመት ልጇን አዝላ እየሮጠች መጣች። አለባበሷ የግብዣ ነው፤ ጸጉሯም ትኩስ ሥራ። የሬሳውን እግር ስታይ ልጇን አውርዳ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

«እህቴ፣ በወለደችሽ! እሱስ ሄደ፤ ፈረሱን ግን አታስገድይብኝ!» ብላ የመርማሪዋን እጅ ያዘች። «የልጄ መድኃኒት እኮ እሱ ነው!»

«ምን ሆና ነው ልጅሽ?»

«ከሦስት ዓመት በፊት መንገድ ዳር ስትጫወት አንድ ጋላቢ ረግጧት አመለጠ። ማን እንደሆነ ዛሬም አልታወቀም። ግራ ጎኗ አልታዘዝ አላት፤ አንገቷን እንኳ ማቅናት አቃታት። አሠልጣኙ ወሬውን ሰምቶ ቤቴ ድረስ መጥቶ፣ 'አምጫት' አለኝ።»

«ፈረስ ሲራመድ የተቀመጠበትን ሰው ዳሌ አብሮ ያስኬደዋል» አሉ ባልደራሱ። «እግሯ የረሳውን ወገቧ ከዳማው ተማረ። መጀመሪያ ጀርባዋ ቀና። ባለፈው ወር አምስት እርምጃ ሄደች። ቆጥሬያለሁ።»

«ዛሬ በማለዳ ምን አመጣሽ?» አለች መርማሪዋ ወደ እናትየው ዞራ።

እናትየው አንገቷን ደፋች። «ትናንት ደወለልኝ። 'ሦስት ዓመት ያፈንኩትን ልንገርሽ፤ ነገ ቀድመሽ ነይ' አለኝ። እኔ ሞኟ...» እጇ ወደ ጸጉሯ ሄዶ ተመለሰ። «ሊያገባኝ ነው ብዬ ተሠርቼ መጣሁ።»

መርማሪዋ ሬሳው አጠገብ ተንበረከከች። የፊቱ ቁስል ሁሉ አሸዋ ጠጥቷል። ከቀኝ ጆሮው ጀርባ ግን ክብ ስብራት አለ፤ አጥንቱ ወደ ውስጥ ገብቷል፤ ጸጉሩ ሥር የረጋው ደም አንዲት ቅንጣት አሸዋ የለበትም። የግልቢያ ሱሪውን ገለበጠች። ጉልበቱ ላይ በውስጥ በኩል የተሰፋው ቆዳ ንጹሕ ነው፤ የፈረስ ጸጉርም ላብም አልነካውም። ከዚያ የዳማውን ዳሌ አየች፤ እንደ ገመድ ያበጠ የግርፋት መስመር አለበት። በመጨረሻ ልጆች ፈረስ ላይ የሚወጡበትን የእንጨት ደረጃ አየች። ከደረጃው ወደ ኮቴው ዱካ፣ ከዱካው ወደ ሬሳው ግራ እግር ተመለከተች።

የሟቹ ታናሽ ወንድም አጥሩን ተደግፎ ያለቅሳል። የውድድር ጋላቢ ነው። ነጭ የግልቢያ ሱሪው ያበራል፤ ቦት ጫማው ፊት ያሳያል።

«ስንቴ ነገርኩት!» አለ። «ይህ ፈረስ ክፉ ነው። ሊወጣበት ሲል ደንብሮ ነው፤ እግሩ ተያዘ፣ አለቀ።»

«አይተሃል?»

«ጩኸት ሰምቼ ነው የመጣሁት። ግን እግሩ ራሱ ይናገር የለ?»

«ይናገራል። ሱሪህ አዲስ ነው?»

«ወንድሜ ሞቶ ሱሪ ይታያል እንዴ?»

«ይቅርታ፤ የአባቴ ቤት አመል ነው።»

ጭኑ ላይ የሱቅ እጥፋቱ አልተፈታም። ከወገቡ ጀርባ ደግሞ ሱቆች ልብስ የሚያያይዙባት ስፒል ታበራለች።

መርማሪዋ ባልደራሱን ወደ ጋጣው ጀርባ ወሰደቻቸው። የፍጉ ክምር ከላይ ቀዝቅዞ ጠቁሯል። በአንድ ጎኑ ግን ይጨሳል።

«ጋሼ፣ ዛሬ ፍግ ገልብጠዋል?»

«ኧረ በየት ጊዜዬ ልጄ!»

«አለንጋስ እዚህ አለ?»

«የታመመ ልጅ በሚሸከም ፈረስ ላይ አለንጋ? አሠልጣኙ ከበር አያሳልፍም ነበር። ወንድሙንም ዳማውን እንዳትነካ ያለው በዚሁ ጦስ ነው፤ ሦስት ዓመቱ።»

«ያኔ ምን ሆኖ ነበር?»

ሽማግሌው ግድግዳውን ያዙ። «ዳማውን ገርፎ፣ አስሮጦ አመጣው። ደረቱ ደም ነበር። ቁስል ፈለግሁ፤ አጣሁ። 'እጠበውና ዝም በል' አለኝ አሠልጣኙ። አጠብሁ። ዝም አልሁ።»

መርማሪዋ አብሯት ለመጣው ፖሊስ የሚጨሰውን ቦታ አሳየችው።

ሦስት ሰዓት ላይ ሁሉንም ሜዳው መሐል ሰበሰበቻቸው። ሬሳው ተነሥቷል፤ ቀለበቶቹ ግን አሉ።

«ወንድምየው፣ ዳማው ላይ ውጣ» አለች።

«ምን ለማድረግ?»

«ውጣ ብዬሃለሁ።»

ጋላቢው በግራ በኩል ቀረበ፤ ግራ እግሩን ወደ እርካቡ አነሣ። ፈረሱ ዳሌውን አዙሮ ሸሸ። ደገመ፤ ሸሸ። በሦስተኛው ሊጥለው ነበር።

«ጋሼ፣ እርስዎስ?»

ባልደራሱ በቀኝ በኩል መጡ። ዳማው እንደ ምሰሶ ቆመ።

«ፈረስ ሁሉ በግራ ነው የሚወጡበት» አሉ። «ይህች ልጅ ግን ግራ እግሯ አይሸከማትም። ስለዚህ ዳማውን በቀኝ አስለመድነው። እንዳይደናገርበት አሠልጣኙም ከሦስት ዓመት ወዲህ በግራ ወጥቶበት አያውቅም።»

«ሟቹ ሊወጣበት ሲል ደንብሮ ቢሆን ኖሮ ቀኝ እግሩ በተያዘ ነበር» አለች መርማሪዋ። «ሬሳው የተሰቀለው በግራው ነው። የሰቀለው ሰው መጋለብ ያውቃል፤ ዳማውን ግን ሦስት ዓመት አልነካውም። ባልደራሱ አይሳሳቱም፤ በየቀኑ ፈረሱን ይይዛሉ። እናትየዋም አትሳሳትም፤ በየቀኑ ልጇን ታወጣለች። ሟቹ አልጋለበም፤ የሱሪው የውስጥ ቆዳ ንጹሕ ነው። ጆሮው ጀርባ የተመታውም ሳይጎተት በፊት ነው፤ አሸዋ የለበትም። ከዚያ ፈረሱ ተገርፎ እንዲሮጥ ተደረገ። የገራፊውን ሱሪ ደም ነካው፤ አዲስ ለበሰ። ስፒሉን ግን ከወገቡ አልነቀለም።»

የወንድምየው እጅ ሳያዘው ወደ ወገቡ ሄደ።

ፖሊሱ ከጋጣው ጀርባ መጣ። በደም የራሰ ሱሪ ውስጥ የተጠቀለለ አለንጋ ይዟል፤ እጀታው ክብ ብረት ነው። መርማሪዋ ተቀበለችው።

«ክቡ ስብራት የዚህ ነው። ሟቹ አፍኖ ኖሮ ለእናትየው ሊነግራት ያሰበው ጋብቻ አልነበረም። ልጅቷን የረገጣት ጋላቢ አንተ እንደሆንህ ነው።»

«የገዛ ወንድሜ!» ብሎ ጮኸ። «ለማንም ብሎ እኔን ሊያሳስር!»

ተወርውሮ ሽጉጡን ከሐኪሙ ቀበቶ መነጨቀና በዳማው ግንባር ላይ ደገነ። መርማሪዋ በአለንጋው የብረት እጀታ የእጁን አንጓ መታችው። አጥንቱ ሲሰበር ተሰማ። ጥይቱ አሸዋ በላ። ፖሊሱ በደረቱ አስተኝቶ በካቴና አሰረው፤ እየተሳደበ ተጎትቶ ሄደ።

እናትየው ዳማውን አየችው። ቀስ ብላ አየችው፤ ከኮቴው እስከ ደረቱ።

«ልጄን የረገጣት... ይኸው ራሱ ነው?»

ባልደራሱ ተንበረከኩ። «ራሱ ነው ልጄ። አሠልጣኙ 'የሰበራት እሱ ይጠግናት' ብሎ ነበር። እኔም አውቄ እንዳላወቀ ሆንሁ። ይቅርታ ለመጠየቅም ፊት የለኝም።»

ሐኪሙ ሽጉጡን ከአሸዋው አነሣ፤ ወደ መርማሪዋ ተመለከተ። እሷ ወደ እናትየው።

«ጠዋት የዳማውን ነፍስ ለምነሽ ነበር» አለቻት። «አሁን ካንቺ በቀር በእሱ ላይ የሚፈርድ የለም።»

እናትየው የጸጉሯን መያዣዎች አንድ በአንድ እየነቀለች አሸዋው ላይ ጣለች። ከዚያ ልጇን አነሣች። የእናትየው ዓይን ከድንጋጤ የተነሣ አያይም ነበር፤ ልማዱን የረሳው እግሯ በግራ በኩል ወሰዳት። ዳማው ጆሮውን አቆመ።

ልጅቷ ደኅናውን እጇን በእናቷ ጉንጭ ላይ አኖረች።

«እማዬ፣ በዚህ አይደለም እኮ። በቀኝ በኩል ነው።»

እናትየው ልጇን ወደ ሌላው ትከሻዋ አዛወረች። ከዚያ በዳማው አፍንጫ ፊት ለፊት አልፋ፣ ወደ ቀኙ ዞረች።