ሳትተረጎም የቀረችው ዓረፍተ ነገር

መርማሪ ኢሰር ክራቬትስ በሞንትሪያል ከተማ ወደሚገኘው የይዲሽ ቤተ መጻሕፍት የተጠራው ማክሰኞ አመሻሽ ላይ ነበር። ፕሮፌሰር ዚስኪንድ ቮርትማን ፎቅ ላይ ባለው የሥራ ክፍሉ ግንባሩን በወረቀቶቹ ላይ ደፍቶ ሞቷል። አጠገቡ ባዶ የሻይ ብርጭቆ ቆሟል፤ ሻዩን በቼሪ ማርማላታ አጣፍጦ ይጠጣ ስለነበር ቀይ ዝቃጭ ከሥሩ ቀርቷል። ክራቬትስ ጎንበስ ብሎ አየው። ሟቹ ወደ ትከሻው የሚያወርደው ሽበት ወደ ጎን ተንሸራቶ ግራ ጆሮውን ገልጦታል። የጆሮው የታችኛው ሥጋ የለም፤ ጠባሳው የቆየ ነው።

ቮርትማን ስሙን የተከለው በአንድ ሟች ደራሲ ትከሻ ላይ ነው። ኖኸም ሊፒነር ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ተርፎ «የጭቃ ከተማ» የሚል ልቦለድ በአውሮፓ አይሁዶች ቋንቋ በይዲሽ ጻፈ። ታሪኩ ከጀርመኖች ስለተደበቁ ሰባት ሰዎችና ስለጠቆመባቸው አንድ የአገራቸው ልጅ ነው። ሊፒነር ሳይታወቅ ሞተ። ቮርትማን መጽሐፉን ወደ እንግሊዝኛ መልሶ አንቱ የተባለ ምሁር ሆነ፤ አሁን ደግሞ በመጽሐፉ ላይ የጻፈውን ሂሳዊ ጥናት ሊጨርስ ጥቂት ገጽ ቀርቶት ነበር።

የምርመራው ውጤት በማግስቱ ደረሰ፤ ሻዩ ውስጥ የተፈጨ የልብ መድኃኒት ተገኝቷል። መድኃኒቱ ከየት እንደመጣ ለማወቅ አላስቸገረም። የማተሚያ ቤት ፊደል ለቃሚ የነበረው ሽማግሌ ሬብ ገዳልዬ ጹከር፣ ፎቁ ኮሪደር ላይ ከሰቀለው ካፖርት ኪስ የልቡ ክኒን ማለቁን ራሱ መጥቶ ተናገረ።

ሽማግሌው የሊፒነርን መጽሐፍ በእጁ ፊደል በፊደል ለቅሞ ያሳተመ ሰው ነው። ጥላቻውንም አልደበቀም።

«አላለቅስለትም» አለ። «ኖኸም በደሙ የጻፈውን እሱ በመቀስ ተረጎመው። ግን እጄ አልነካውም። ከእኔ እጅ ውኃም አይቀበልም ነበር፣ እንኳን ሻይ።»

ቢፈልግም አይችልም ነበር። ማክሰኞ ከዘጠኝ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ታች አዳራሽ ውስጥ ለሃያ ሴቶች ታሪክ ሲያነብ ነበር። የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ወይዘሮ ማልኬ ፔረልስተይንም ከጎኑ አልተነሣችም። እሷም ቮርትማን ከመጽሐፉ ቆርጦ አስቀርቷል ብላ ጋዜጣ ላይ የወቀሰች ሰው ናት። ሻዩ የፈላው ግን ዘጠኝ ተኩል ላይ ነው።

በዚያ ሰዓት ፎቁ ላይ ከሟቹ ሌላ ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ። አንዱ አሳታሚው ሚልተን ግሮስ ነው፤ ጥናቱ ዘገየብኝ ብሎ ሊጨቃጨቅ መጥቶ ነበር። ሁለተኛዋ ታይፒስቷ ዲና ሎዊ ናት፤ ወደ አርባ የምትጠጋ፣ ድምፅዋ የማይሰማ ሴት። ሻዩን ያፈላችው እሷ ናት፤ ነገር ግን ትሪውን ኮሪደር ላይ አስቀምጣ ስልክ ለማንሣት ገብታ እንደነበር ግሮስም መሰከረ።

ክራቬትስን ያስቸገረው ካፖርቱ ነው። ኪሱ ውስጥ ሁለት ተመሳሳይ ጠርሙሶች ነበሩ፤ የፋርማሲው ወረቀት ከሁለቱም ተፍቋል። የሬብ ገዳልዬ ሚስት በእጇ በይዲሽ ጽፋባቸዋለች። በአንዱ ላይ «ለሆድ፣ እንዳሻህ» ይላል። በሌላው ላይ «ለልብ፣ በቀን አንድ፤ ከጨመርክ መበለት ታደርገኛለህ» ይላል። የሆዱ ጠርሙስ ክዳኑ እንኳ አልተነካም። ነፍሰ ገዳዩ ይዲሽ አንብቧል። ይዲሽ የሚያነቡት ታች ነበሩ፤ ላይ የነበሩት ደግሞ አያነቡም።

ግሮስ ሲጠየቅ ሳቀ። «ከአያቴ የወረስኩት ስድብ ብቻ ነው፤ እሱንም ማንበብ አልችልም» አለ።

ዲና ይዲሽ እንደማታውቅ በአጭሩ ተናገረች። ክራቬትስ ማስታወሻውን አጥፎ ሊነሣ ሲል፣ እንደ ጨዋታ አድርጎ ልቦለዱን አንብባው እንደሆነ ጠየቃት።

«በእንግሊዝኛ። ሥራዬ ነው።»

«ወደዱት?»

«ሰባቱን ሲያወጧቸው የጋጋሪው ምድጃ ገና አልቀዘቀዘም ነበር። እዚያ ስደርስ ማንበብ ያቅተኛል» አለች።

ክራቬትስ አመስግኗት ወጣ። ከዚያም ማልኬን የይዲሹንና የእንግሊዝኛውን መጽሐፍ አስመጥቶ የረቡዕን ሌሊት ሙሉ መብራት ሥር ተቀምጦ ገጽ በገጽ አስተያየ። እናቱ ያስተማረችው ይዲሽ ያን ሌሊት ጠቀመው።

ሐሙስ ቀትር ላይ አራቱንም በሟቹ ክፍል ሰበሰባቸው።

«በእንግሊዝኛው መጽሐፍ ሰባቱ የተደበቁት ወፍጮ ቤት ነው» ብሎ ጀመረ። «ወፍጮ ነው፤ ምድጃ የለም፤ ጋጋሪ የለም። ፕሮፌሰሩ በጥናቱም ላይ ወፍጮ ብሎ ነው የጻፈው። የጋጋሪው ምድጃ ያለው በይዲሹ ብቻ ነው። ሌላ ትርጉም ደግሞ የለም። ስለዚህ ወይዘሪት ዲና፣ ይዲሽ ያነባሉ፤ ጠርሙሱንም አንብበዋል።»

ግሮስ ወንበሩን ከእሷ ራቅ አደረገ። ዲና አልተንቀሳቀሰችም።

«ምክንያቱን ያገኘሁት ከሬሳው ነው» አለ ክራቬትስ። «ቮርትማን ቦታውን የለወጠው ከተማዋ እንዳትታወቅ ነው። አንዲት ዓረፍተ ነገር ግን ጭራሽ ዘለላት። ይዲሹ እንዲህ ይላል፦ ‹ጠቋሚው የመምህሩ ልጅ ነበር፤ ግራ ጆሮውን በልጅነቱ ፈረስ ነክሶት፣ የታችኛው ሥጋው ተቆርጦ ነበር።› ሊፒነር ሰውየውን ያውቀው ነበር፤ ሰውየውም ራሱ ቮርትማን ነው።»

ሬብ ገዳልዬ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ያን መስመር ራሱ ፊደል በፊደል ለቅሞት፣ ከሰውየው ጋር ሃያ ዓመት በአንድ ደረጃ ወጥቶ ወርዶ፣ ከሽበቱ ሥር ያለውን አላየም።

ዲና ስትናገር በይዲሽ ነው፤ የትውልድ አገሯ ቅላፄ ንጹሕ ነበር። ያን ጊዜ የስድስት ዓመት ልጅ እንደነበረች፣ ቤተሰቦቿ ሲደበቁ ለገበሬ ሴት ስለሰጧት እንደተረፈች፣ ሎዊ ያሳደጓት ሰዎች ስም እንደሆነ ነገረቻቸው። ወደዚህ የመጣችው ያቺ ዓረፍተ ነገር ለምን እንደቀረች ተርጓሚውን ለመጠየቅ ነበር። ገና በሁለተኛው ቀን ስልክ ሲያናግር ጸጉሩን ወደኋላ ገፋ አደረገ፤ ጆሮውን አየች።

«ከዚያ በኋላ አንድ ዓመት ሻይ አፈላሁለት» አለች። «በጥናቱ ይናዘዛል ብዬ ጠበቅሁ። ማክሰኞ ጠዋት የመጨረሻውን ምዕራፍ ሰጠኝ። ‹ጠቋሚው ምሳሌ ብቻ ነው፤ እንዲህ ያለ ሰው በሥጋ ኖሮ አያውቅም› ይላል። በሦስት ቅጂ በታይፕ መታሁት። ከዚያ ክኒኑን ፈጨሁ።»

«ሕግ ነበረ እኮ» አላት ክራቬትስ በይዲሽ።

«ማስረጃዬ ጆሮ ነው። ዳኛ ፊት ጆሮ ይዤ ልቅረብ? ያፈላሁት አውቄ ነው፤ ዋጋውንም እከፍላለሁ። አይቆጨኝም።»

ማልኬ እያለቀሰች ትከሻዋን ልትይዛት ተነሣች፤ ዲና ግን በቀስታ ገሸሽ አለች። ግሮስ ጥናቱ እንዴት እንደሚሆን ሊጠይቅ አፉን ከፍቶ፣ የሽማግሌውን ዓይን ሲያይ ከደነው።

ክራቬትስ ማስታወሻውን አወጣ። ክሱ ምን እንደሚል ያውቃል፤ አንድ ሟች፣ አንድ ገዳይ። እስክሪብቶውን ይዞ ቆየና፣ ዲናን አያት።

«የሰባቱን ስም ንገሪኝ» አላት።

ከእናቷ ጀመረች። ቀስ ብላ፣ የአባት ስም እየጨመረች፣ ፊደሉን ሲስት እያረመችው ነገረችው። ሰባተኛው የስምንት ወር ወንድሟ ነበር። ክራቬትስ ጽፎ ሲጨርስ እጆቿን ራሷ ለካቴና ዘረጋችለት።